ጠመንጃ በትከሻ ሲለካ

የዛሬው ንግግራችን ስለ ጠመንጃ ነው።

ከአያት የተወረሰ ጠመንጃ ግድግዳ ላይ የተሰቀለበት ቤት አለ። አንዳንዱ በአፈሙዙ የሚጎርስ ሊሆን ይችላል። በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ የአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት የያዘው ጠመንጃ በአብዛኛው እንዲህ ያለ ነበር። መጀመሪያ ባሩድ፣ ቀጥሎ ውታፍ፣ ከዚያ እርሳስ ይገባል። ሁሉም በዘንግ ይጠቀጠቃል። በአሜሪካ ዛሬም ተርኪ የሚባለውን ትልቅ የዱር ወፍ በዚህ የሚያድኑ አሉ። በእኛ አገር ያሉት ቆቅና ጅግራ ናቸው።

ጠመንጃ ትከሻ የሚመታው ለምንድን ነው? እርሳሱ ወደ ፊት ሲወጣ ጠመንጃው ወደ ኋላ ይሄዳል። የበቅሎን እርግጫ አስቡ። ራቅ ብሎ የቆመውን ሰው አጥንት ትሰብራለች። ተጠግቷት የቆመውን ግን ትገፋዋለች። ሰደፍም እንደዚሁ ነው። ከትከሻ ከራቀ ይመታል፤ ከተጣበቀ ይገፋል።

ከመለካታችሁ በፊት ግን ጠመንጃው ባዶ መሆኑን እወቁ። በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ መጉረሱ በዓይን አይታይም። እሳት የምትሰጠውን ትንሿን የመዳብ ቆብ አንሡ። ፊታችሁን ከአፈሙዙ አርቁ፤ አፈሙዙንም ወደ ሰው አታዙሩ። ዘንጉን ቀስ አድርጋችሁ እስከ ታች ስደዱና አፈሙዙ ጋ ምልክት አድርጉበት። አውጥታችሁ በውጭ በኩል ከብረቱ ጋር ለኩት። እስከ ብረቱ መጨረሻ ካልደረሰ፣ ውስጡ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ያን ጊዜ አትነካኩት፤ ባለሙያ ጥሩ።

ባዶ ከሆነ፣ ጋቢያችሁን እንደ ለበሳችሁ ለኩት። ደጋው ብርድ ነው፤ ጋቢ ሲደረብ ሰደፉ እንደ ረዘመ ይሆናል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሰደፉን ትከሻችሁ ላይ፣ ጉንጫችሁን ሰደፉ ላይ አድርጉ። ከዚያ ዓይናችሁን ግለጡ። ብረቱን ቀጥ ብላችሁ ካያችሁ፣ ተስማምቷችኋል። ሰደፉ ከረዘመ ጋቢው ይይዘዋል። ካጠረ አውራ ጣታችሁ አፍንጫችሁን ይመታል። ለረዘመው አናጺ አለ፤ ለአጠረው ቆዳ ደርቡለት። ጉንጭ ከሰደፍ ከተነሣ ደግሞ እርሳሱ ከወፏ በላይ ያልፋል።

የዛገ አሮጌ ብረት ሊፈነዳ ስለሚችል አይተኮስም። መሣሪያ ለመያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለአደንም ለብቻው ፈቃድ ይጠየቃል።

አሁን እነዚህን ቃላት ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ፦ ሰደፍ፣ ትከሻ፣ ጉንጭ፣ አፈሙዝ፣ ዘንግ። ደኅና ሁኑ።