ቤት በመያዣ ብድር ለሚገዛ ሰው

ከወር ደመወዙ ቆጥቦ ለልጆቹ መጠጊያ የሚሆን ቤት ለመግዛት የማይመኝ ሠራተኛ አይገኝም። ይሁን እንጂ በሻጭ ቃል ብቻ ተማምኖ ገንዘቡን የሚከፍል ሰው የሌላውን ዕዳ ከቤቱ ጋራ አብሮ ሊገዛ ይችላል።

«በሻጩ ዕዳ እኔ ምን አገባኝ?» ትሉ ይሆናል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፥ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ የገባ መያዣ ቤቱ ወደ ሌላ እጅ ቢተላለፍም አብሮት ይተላለፋል። ምዝገባውም ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ይጸናል። ስለዚህ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት መዝገቡን አስመርምሩ።

ሁለተኛው ነገር ፊርማ ነው። ቤቱ የባልና የሚስት የጋራ ሀብት የሆነ እንደ ሆነ፥ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ለመሸጥም ሆነ በመያዣ ለመስጠት የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። የአንዱ ፊርማ ብቻ አይበቃም።

ሦስተኛው የእናንተው የራሳችሁ ዕዳ ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት፥ በብድሩ ውል ተስማምታችሁ የፈረማችሁ እንደ ሆነና ዕዳው በጊዜው ያልተከፈለ እንደ ሆነ፥ ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ ቤቱን በሐራጅ ለመሸጥ ይችላል። እንግዲህ ውሉን ከዳር እስከ ዳር ሳታነቡ፥ የገቢያችሁንም ልክ ሳትመዝኑ አትፈርሙ። ዛሬ በመዝገብ ቤት የምታሳልፉት ጥቂት ጊዜ ነገ በፍርድ ቤት ደጅ ከመጥናት ያድናችኋል።