ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከተለወጠ በኋላ የሚቋረጥ የኢንተርኔት ግንኙነት፤ ምክንያቱና የምርመራው ሥርዓት

ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ለሕዝብ አገልግሎት የዋለው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወደ እርሱ የሚያደርሰው ዋነኛ መንገድ መደበኛው የስልክ መስመር ነበር። ሞደም የተባለው መሣሪያ የኮምፒውተሩን መልእክት ወደ ድምፅ እየለወጠ ይልካል፤ ከወዲያ የመጣውንም ድምፅ መልሶ ወደ መልእክት ይለውጣል። የስልክ መስመር የተሠራው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ለሚደርስ የሰው ንግግር ስለሆነ፣ የመጨረሻው ዓይነት ሞደም እንኳ በሴኮንድ ከ56 ሺህ ቢት በላይ ሊቀበል አልቻለም። ዛሬ ይህ አሠራር በየአገሩ እየቀረ ነው፤ በአሜሪካ ስመ ጥር የነበረው ኤ ኦ ኤል የመደወያ አገልግሎቱን መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም. አቋርጧል። ይሁን እንጂ የአሠራሩ ባሕርይ ሌላ ልብስ ለብሶ ይገኛል።

ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለው ቦሌ አራብሳ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የጋራ መኖሪያ ቤቶቹ የተሠሩት ተንቀሳቃሽ ስልክ ከተስፋፋ በኋላ በመሆኑ፣ እንዲህ ባለ ሠፈር ለሚሠራ መምህር ከሁሉ የሚቀናው ሲም ካርድ የገባበትን ዶንግል ከኮምፒውተሩ ላይ መሰካት ነው። ከቆዩት ዶንግሎች ብዙዎቹ ለኮምፒውተሩ ራሳቸውን የሚያስተዋውቁት እንደ ሞደም ነው፤ ኮምፒውተሩም *99# ብሎ «ይደውላል»። እንግዲህ የሽቦው መስመር ቢቀርም መደወሉ አልቀረም፤ ከመደወሉ ጋርም የቀድሞው ችግር አብሮ መጥቷል።

ችግሩ ጎልቶ የሚታየው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሲለወጥ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመ፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሻገር ይገደዳሉ። በሌላ በኩል የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. በከፊል በኢንተርኔት መሰጠት ጀምሯል። ስለዚህ አንድ ኮምፒውተር ትናንት ይሠራ የነበረውን ግንኙነት ዛሬ ቢያጣ፣ ጉዳቱ የቢሮ ሥራ መጓተት ብቻ አይሆንም፤ የተማሪ ዕድልም ይነካል።

ግንኙነቱ የሚቋረጠው አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያው ስለተበላሸ አይደለም። በሞደሙና በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ መካከል ሆኖ እንደ አስተርጓሚ የሚያገለግል ድራይቨር የተባለ ትንሽ ፕሮግራም አለ። ጌታው ሲለወጥ አስተርጓሚው የአዲሱን ቋንቋ ላያውቅ ይችላል። ዊንዶውስ 11 የሚሠራው በ64 ቢት ብቻ ስለሆነ፣ ለ32 ቢት የተጻፈ ድራይቨር በምንም መንገድ አይቀበለውም። ቀድሞ በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ይገጠሙ የነበሩት ርካሽ ሞደሞችም የሥራቸውን አብዛኛውን ክፍል ለድራይቨሩ የተዉ ስለነበሩ፣ ያለ እርሱ ባዶ ሰሌዳ ሆነው ይቀሩ ነበር። በውጭ የሚሰካው ሞደም ግን በ1981 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሄይስ የተባለው ኩባንያ ባወጣው የትእዛዝ ቋንቋ ስለሚግባባ፣ ለማንኛውም ሞደም በተዘጋጀ ጠቅላላ ድራይቨር ሊሠራ ይችላል። ውድ ነው እየተባለ ይናቅ የነበረው ዕቃ ከርካሹ ይልቅ ዕድሜ ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

የዶንግሉ ነገር ደግሞ ትንሽ ያታልላል። ብዙዎቹ ሲሰኩ መጀመሪያ የሚታዩት የራሳቸውን ፕሮግራም እንደያዘ ሲዲ ሆነው ነው፤ ወደ ሞደምነት የሚለወጡት ድራይቨሩ ትእዛዝ ሲሰጣቸው ብቻ ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ከተለወጠ በኋላ ሲዲው ብቻ እየታየ ሞደሙ ከጠፋ፣ ዶንግሉን ከመጣል በፊት የአምራቹን አዲስ ድራይቨር መፈለግ ይገባል። ድራይቨሩ ገብቶ ሞደሙ ከታየ በኋላ ከዶንግሉ ጋር የመጣው ያረጀ ፕሮግራም አልከፈት ቢል እንኳ፣ በዊንዶውስ ውስጥ አዲስ የመደወያ ግንኙነት ከፍቶ *99# መጻፍና የአገልግሎት ሰጪውን የመግቢያ ስም (ኤ ፒ ኤን) ማስገባት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

የምርመራው ቅደም ተከተል ከመሣሪያው ይጀምራል። ዶንግሉን ወይም ሞደሙን ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ባልተለወጠ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መሞከር ዕቃውንና መስመሩን ከጥርጣሬ ነጻ ያወጣል። ቀጥሎ በመሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ስሙ መኖሩ፣ ከጎኑም ቢጫ ምልክት አለመኖሩ ይታያል። ይህ ሳይጣራ የይለፍ ቃል መለዋወጥ ጊዜ ማባከን ነው።

ዊንዶውስ የሚያወጣው የስሕተት ቁጥርም ሊናቅ አይገባም። 633 ሞደሙ በሌላ ፕሮግራም መያዙን ወይም አለመዘጋጀቱን ያመለክታል። 680 የመደወያ ድምፅ አልተሰማም ማለት ሲሆን፣ 678 ከወዲያ መልስ የሰጠ የለም ማለት ነው። 691 ግን ከእነዚህ በጣም ይለያል፤ ጥሪው ደርሶ ስምና የይለፍ ቃል ተቀባይነት ማጣታቸውን ስለሚገልጽ መሣሪያው ደኅና መሆኑን ያረጋግጣል።

በስልክ መስመር ሲሠራ የአገር ምርጫም ብዙ ሰው ያደናግር ነበር። አዲስ የተጫነ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አገሩን ሌላ አድርጎ ከያዘ፣ በቁጥሩ ፊት የማይፈለግ መለያ ሊጨምር ይችላል። የስልክ ቁጥሮች በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲለወጡና የአዲስ አበባ መለያ ከ01 ወደ 011 ሲዞር፣ የቀድሞው ቁጥር በኮምፒውተሩ ተመዝግቦ መቅረቱም ተመሳሳይ እንቅፋት ይፈጥር ነበር። የመደወያ ድምፃችንን ለማይለይ ሞደም ደግሞ «ድምፅ ሳይሰማ አይደውል» የሚለውን ምርጫ ማንሳት መድኃኒቱ ነበር።

ለእቅድ አዘጋጆች የሚተርፈው ጉዳይ የጊዜ ምርጫ ነው። የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች ሁሉ በአንድ ቀን ከተለወጡ፣ ድራይቨሩን ከኢንተርኔት ለማውረድ የሚያስችል አንድም ኮምፒውተር ላይቀር ይችላል። ስለዚህ የአዲሱ ድራይቨር ቅጂ አስቀድሞ በፍላሽ ተይዞ፣ የመደወያው ቁጥር፣ የመግቢያው ስምና የይለፍ ቃሉ በመዝገብ ተጽፈው፣ ለውጡ በመጀመሪያ በአንድ ኮምፒውተር ላይ መሞከር አለበት፤ ይህም ከፈተና ወራት ርቆ፣ ክረምት ላይ ቢሆን ይመረጣል።