ስለ ጃፓን ካርቱን፤ በዓረቦች ዘንድና በእኛ ዘንድ

ማታ ከእራት በኋላ ከዶርሞቻችን ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሰው፥ አልጋ ላይ የተቀመጠ አንድ ላፕቶፕና ብርድ ልብስ ተከናንበው በዙሪያው የተኮለኮሉ ስድስት ወይም ሰባት ተማሪዎች ማየቱ አይቀርም። የጉና ነፋስ ሰውን ማቀራረቡ የታወቀ ቢሆንም፥ እነዚህን የሰበሰባቸው ብርዱ ብቻ አይደለም። የሚያዩት የጃፓን ካርቱን ነው፤ ወጣቱ በጃፓኖቹ አጠራር «አኒሜ» ይለዋል። የፈተና ሳምንት ሲሆን እንኳ «አንድ ክፍል ብቻ» ተብሎ ይጀመርና ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ይሆናል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ሲያዩ ይስቃሉ። «ሃያ ሁለት ዓመት የሞላው ሰው ካርቱን ያያልን?» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ነገሩን ከበድ አድርገው፥ የባዕድ ባህል ሳናውቀው እየወረሰን ነው ይላሉ። እኛ ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣነው ከሁለቱም ጋር ባለመስማማታችን ነው። በዚህ መንገድ ከእኛ ቀድመው ያለፉ የዓረብ አገሮች ወጣቶች አሉና፥ የእነርሱን ታሪክ መመልከት ለክርክሩ ይጠቅማል ብለን እናምናለን። (የውጭውን ታሪክ ስናወሳ ዓመታቱን በአውሮፓ፥ የአገራችንን ስናወሳ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንጽፋለን።)

አስቀድሞ ጃፓን ለኢትዮጵያ ተማሪ አዲስ አገር አለመሆኗን ማስታወስ ይገባል። የ1923ቱ ሕገ መንግሥታችን ሲዘጋጅ በ1889 የወጣው የጃፓን ሕገ መንግሥት በአርአያነት ተወስዷል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው ስለዚያች አገር «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈዋል፤ ከበደ ሚካኤልም በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የሚለውን አሳትመዋል። እነዚያ አባቶች ከጃፓን የፈለጉት ፋብሪካውን፥ ትምህርት ቤቱንና መርከቡን ነበር። የልጅ ልጆቻቸው የወሰዱት ግን ሥዕሉን ሆነ። ኅሩይ ዶርማችን ገብተው ቢያዩን ምን ይሉ እንደ ነበር መገመት ያስቸግራል።

ሥዕሉ ራሱ የማጣት ልጅ ነው። ሕክምና ተምሮ ሠዓሊ የሆነው ቴዙካ ኦሳሙ በ1963 «አስትሮ ቦይ» የተባለውን ተከታታይ በየሳምንቱ በቴሌቪዥን ማሳየት ሲጀምር፥ ገንዘቡም ጊዜውም አልነበረውም። ፊልም በአንድ ሰከንድ 24 ምስል ያሳልፋል። ጃፓኖቹ አንዱን ሥዕል ሦስት ጊዜ እያነሡ ለሰከንዱ በ8 ሥዕል መብቃቃትን ለመዱ። ፊቱ ሳይነቃነቅ አፉ ብቻ ይከፈታል፤ ሰውየው እንደ ቆመ ከኋላው ያለው ተራራ ይሮጣል። ለእኛ እንደሚመስለን በእንቅስቃሴ ያጡትን በታሪኩ መካስ ነበረባቸው። ሞት፥ የሙት ልጅ፥ የጓደኛ መሐላና ተሸንፎ መነሣት የበዛባቸው ስለዚህ ይሆናል። የአሜሪካኑ ድመት ከገደል ቢወድቅ ወዲያው ይነሣል፤ በጃፓኖቹ ዘንድ ግን የሞተ ሰው ብዙ ጊዜ እንደ ሞተ ይቀራል፤ ወንድሙም ያለቅስለታል።

አሁን ወደ ዓረቦቹ እንለፍ። ሊባኖስ በ1975 በእርስ በርስ ጦርነት ገባች። በዚያው ዘመን፥ በ1970ዎቹ መጨረሻ፥ «ግሬንዳይዘር» የተባለው የጃፓን ተከታታይ በቤይሩት ወደ ዓረብኛ ተመልሶ በቴሌቪዥን ይታይ ጀመር። ታሪኩ አገሩ በጦርነት ጠፍታበት ወደ ምድር ስለ ተሰደደ አንድ ልዑል ነው፤ የተጠጋባትን ምድር እነዚያው ጠላቶች ሲወርሯት እንደገና ይዋጋል። መንገዱ ስለማያስተማምን ከቤት የማይወጣ የቤይሩት ልጅ ይህን ሲያይ የሩቅ አገር ተረት ነው ብሎ አላሰበም። የመግቢያ መዝሙሩን የዘፈነው ሊባኖሳዊው ሳሚ ክላርክ በ2022 ሲሞት፥ በልጅነታቸው የሰሙት ጎልማሶች በየአገሩ ሐዘናቸውን ገለጹ።

ነገር ግን ዋናው ምስጢር ታሪኩ ብቻ አልነበረም፤ ቋንቋው ነበር። ተርጓሚዎቹ የመረጡት የሰፈር ዓረብኛን ሳይሆን «ፉስሐ» የሚባለውን የመጽሐፍና የትምህርት ቤት ዓረብኛ ነው። ስለዚህ አንዱ ትርጉም ከሞሮኮ እስከ ኢራቅ ላለው ልጅ ሁሉ በቃ። ማንበብ ያልጀመረ ሕፃን በካርቱን ምክንያት እንደ መምህር መናገር ጀመረ። በ1992 በደማስቆ የተቋቋመው የቬነስ ማዕከል ይህን ሥራ አሰፋው፤ በ2000 የተከፈተው የስፔስቱን ጣቢያም ቀኑን ሙሉ ለልጆች ያሳየው ጀመር። የእግር ኳስ ተጫዋቹ ልጅ ጹባሳ በዓረብኛ «ካፒቴን ማጂድ» ተባለ፤ ለብዙ ተከታታዮችም ታሪቅ አል-ዓረቢ ቱርጋን አዲስ ዜማ ሠራ፥ ብዙዎቹንም ራሻ ሪዝቅ ዘፈነች። መጠጥና የፍቅር ነገር ያለበት ትዕይንት ይቆረጥ ነበር፤ ይህን የማንደግፍ ብንሆንም ወላጆች ቴሌቪዥኑን እንዳይዘጉት መርዳቱን መካድ አይቻልም። በመጽሐፍም በኩል ዕድል ገጥሟቸዋል፤ የጃፓን የሥዕል መጽሐፍ እንደ ዓረብኛው ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል። እኛ ግን ስንገልጠው ከመጨረሻው እንጀምራለን።

ተቃውሞ አልነበረም ማለት አይደለም። በ2001 የሳዑዲ ዓረቢያ የሃይማኖት ባለሥልጣናት የፖኬሞንን ጨዋታና ካርታ ቁማር አለበት ብለው ከለከሉ። ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ በ2017 የተቋቋመው የሳዑዲው ማንጋ ፕሮዳክሽንስ ከጃፓኑ ቶኤ ጋር ሆኖ በ2021 «ጉዞው» የተባለ ሙሉ ፊልም አወጣ። ይህ ፊልም ለእኛ ልዩ ስሜት ይሰጣል፤ መካን ሊያጠፋ የሚመጣው ጠላት አብርሃ ነውና። አብርሃ ከአክሱም ሠራዊት ወጥቶ የየመን ገዥ የሆነው የ6ኛው መቶ ዓመት ሰው ነው። መካን ከሚከላከሉት መካከል ዋናው ሰው አውስ የሚባል ሸክላ ሠሪ ነው። እንግዲህ ዓረቦቹ በጃፓን ሥዕል የራሳቸውን ታሪክ መናገር ጀምረዋል፤ በዚያውም የእኛን ታሪክ አንድ ቅጠል ነክተዋል፤ በእነርሱ በኩል ሆነው።

ወደ እኛስ እንዴት መጣ? አንዱ መንገድ የዓረቦቹ ጣቢያ ነው። ሳህን በየጣራው በተተከለበት ዘመን ብዙዎቻችን ልጅ ሳለን ኤምቢሲ 3ን ከፍተን አንድ ቃል የማንሰማውን ዓረብኛ አፋችንን ከፍተን እናይ ነበር። ማን ከማን ጋር እንደ ተጣላ ከፊቱ እናውቃለን፤ ለምን እንደ ተጣላ ግን እያንዳንዳችን የየራሳችንን ምክንያት እንፈጥራለን። (በዚህ ምክንያት ተደባድበን እናውቃለን።) በ2012 ዓ.ም. የአገራችን ጣቢያዎች ወደ ኢትዮሳት ሲሻገሩ ብዙ ቤት ሳህኑን አዞረና የዓረቦቹ ጣቢያ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ፍላሽ ሆነ። ከተማ ውስጥ ፊልም የሚጭን ሱቅ ይገኛል፤ ብር ይከፈላል፥ «ናሩቶን ጫንልኝ» ይባላል፥ አንዱ ያስጫነውን ሃያ ሰው ይገለብጠዋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት በቆየ ጊዜም፥ ፍላሽ ከኪስ ወደ ኪስ መዞሩን አላቆመም።

አሁን የምናየው ግን ድምፁ በጃፓንኛ፥ ከሥር የሚጻፈው ትርጉም በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛችን በዚህ ተሻሽሏል፤ ይህን በፈተና ወረቀታችን አይተናል። ነገር ግን እንግሊዝኛውን እየሮጠ ማንበብ የማይችል ሁሉ ከበር ውጭ ቀርቷል። በዓረብ አገር የመንደር ሕፃን ያገኘው ነገር በእኛ አገር የዶርም ተማሪ ንብረት የሆነው ስለዚህ ነው። አማርኛ አይችለውም እንዳይባል፥ ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ተከፍቶ የቱርክን ድራማ በአማርኛ ሲያናግር አገር ሁሉ ተቀምጦ አይቷል፤ የጥበብ ሰዎችም ሥራችንን ሊያጠፋ ነው ብለው መቃወማቸው ይታወሳል። የተተረጎመው ግን በአብዛኛው የትልልቅ ሰዎች ፍቅርና ክህደት ነበር። ለልጆች አባባ ተስፋዬ ከ1957 ዓ.ም. ጀምረው ከአርባ ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ተረት ነግረዋል፤ ከእርሳቸው በኋላ ቀጭኔዋን ልጅ ያስተዋወቀን «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ተነሣ፤ በ2010ሮቹ መጀመሪያ ደግሞ ጀምበር የተባለው የሥዕል መጽሐፍ ጀግና በአማርኛ ታተመ። እነዚህ መልካም ናቸው። ይሁን እንጂ ለሁለት መቶ ሌሊት የሚበቃ ረጅም ታሪክ በአማርኛ የሚሰማ ሕፃን እስካሁን አላየንም።

ከዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች አንዱ ባለፈው ክረምት ላይ ጋይንት ወደሚገኘው የወላጆቹ ቤት ሲሄድ ላፕቶፑን ይዞ ነበር። ማታ ናሩቶን ሲከፍት አሥር ዓመት የሆነው ታናሽ ወንድሙ አጠገቡ ተቀምጦ በየመሥመሩ «ጋሼ፥ ምን አለ?» ይለው ጀመር። ጓደኛችን ተቆጣ፥ ቀጥሎ ሰለቸ፥ በመጨረሻ ተርጓሚ ሆነ። ሥራው ቀላል አልነበረም። «ኒንጃ» ማለት ምን ማለት ነው? ሽፍታ አይባል፥ ወታደር አይባል። ጥቅልል ብራና እየገለጡ በጣታቸው ምልክት ሠርተው ነፋስና እሳት ሲያስነሡ ከምድጃው ማዶ ያሉት አያቱ አይተው፥ «እንግዲያ ደብተራ ናቸዋ!» አሉ። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ኒንጃዎቹ ሁሉ ደብተራ ሆኑ፤ የመንደሩ አለቃም መሪጌታ ተባለ። የደማስቆ ተርጓሚዎች ከዚህ የተሻለ ያገኙ አይመስለንም።

ናሩቶ በተወለደ ዕለት ዘጠኝ ጭራ ያለው የቀበሮ መንፈስ በሆዱ ታትሞበታል። እርሱ አያውቅም፤ ትልልቆቹ ግን ያውቃሉና ልጆቻቸው ከእርሱ ጋር እንዳይጫወቱ ይከለክላሉ። ዥዋዥዌ ላይ ብቻውን ይቀመጣል። ወንድምዬው «ምን አድርጎ ነው የሚሸሹት?» ብሎ ቢጠይቅ ጓደኛችን መልስ ሲፈልግ አያቱ ቀደሙት። «ቡዳ ነው ብለው ነዋ፥ ልጄ» አሉ።

በዚያ ሰዓት ቤቱ በጎረቤት ልጆች ሞልቶ ነበር። አንደኛው የቀጥቃጭ ልጅ ነው፤ በደጃፉ ቆሞ ከሰው ትከሻ በላይ እያሾለከ ነበር የሚያየው። ማንም አልተናገረም፤ ሁሉም ወደ በሩ ላለማየት ተጠነቀቀ። በፊልሙ ውስጥ መምህሩ ልጁን ምግብ ቤት ወስዶ ሲያበላው አያቱ «እሰይ!» አሉና ቡናውን አወረዱ።

በማግሥቱ ማታ የቀጥቃጩ ልጅ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ማን ግባ እንዳለው ጓደኛችን አላየም።

የላፕቶፑ ባትሪ ከሁለት ሰዓት አያልፍም፤ በየቀኑ ነፋስ መውጫ ድረስ ወስዶ ማስሞላት ነበረበት። በአራት ሌሊት ክፍል 14 ደረሱ። ተከታታዩ 220 ክፍል አለው፤ ቀጣዩም ከዚያ ይረዝማል። ጓደኛችን ወደ ደብረ ታቦር ሲመለስ ላፕቶፑ አብሮት ተመለሰ። ባለፈው እሑድ በአባቱ ስልክ ተደወለለትና አነሣው። የደወለው ወንድሙ ነው፤ ከኋላው የብዙ ልጆች ድምፅ ይሰማል። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም፤

«ጋሼ፥ ያ በበረዶው መስተዋት የተከበበው ደብተራ ሞተ ወይስ ተነሣ?» አለ።