አዲሱ ዊንዶውስ ገብቶ አሮጌው ፋይል አልነበብ ሲል

ኮምፒውተራችሁ ላይ አዲስ ዊንዶውስ ባስጫናችሁ ማግስት ፕሪንተሩ አላትም ብሏችሁ ያውቃል? ወይስ ለእሁድ ፕሮግራም የመዝሙር ግጥም ስትከፍቱ በአማርኛው ፈንታ የእንግሊዝኛ ፊደልና ልዩ ልዩ ምልክት ተደበላልቆ አገኛችሁ? ብዙዎች በዚህ ጊዜ "ቫይረስ ገባበት" ብለው ፋይሉን ይሰርዙታል። እባካችሁ አትቸኩሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ አልተበላሸም።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 (ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.) አቁሟል። ስለዚህ ወደ ዊንዶውስ 11 መሸጋገር በየቤታችንና በየቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ የሚያጋጥም ጉዳይ ሆኗል።

ኮምፒውተሩ ይችላል ወይ?

ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት የዲስክ ቦታና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ክፍል ይፈልጋል። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በአብዛኛው የሚቀበለው ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው። ቲፒኤሙ ኖሮ ባዮስ ውስጥ ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል "የለውም" ከማለታችሁ በፊት ባለሙያ ያሳዩ። መስፈርቱን በማያሟላ ኮምፒውተር ላይ በግድ ቢጫን ግን ማይክሮሶፍት ለደህንነት ማሻሻያው ዋስትና አይሰጥም።

ፕሪንተሩ ለምን ይቆማል?

ድራይቨር ማለት ከእንግዳ ሰባኪ ጎን እንደሚቆም አስተርጓሚ ነው፤ ዊንዶውስ ያዘዘውን ለፕሪንተሩ የሚያደርሰው እርሱ ነው። ዊንዶውስ 11 ባለ 64 ቢት ብቻ ነው። ባለ 32 ቢት ድራይቨር ብቻ የተሠራለት አሮጌ ፕሪንተር፣ ስካነር ወይም የድምፅ ካርድ ዕቃው ደህና ሆኖ ሳለ አስተርጓሚ ያጣል። ስለዚህ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት የዕቃውን ሞዴል ቁጥር ይዛችሁ በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ለዊንዶውስ 11 ወይም ለባለ 64 ቢት ዊንዶውስ 10 የተዘጋጀ ድራይቨር ፈልጉ።

ፊደሉስ የት ሄደ?

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች፣ ለምሳሌ የቀድሞዎቹ የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች፣ የአማርኛውን ቅርጽ በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ኮምፒውተሩ ፎርማት ተደርጎ አዲስ ዊንዶውስ ሲጫን እነዚህ ፎንቶች አብረው ይጠፋሉ። ፎንቱ ሲጠፋ ከሥር ያለው የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ይታያል።

መፍትሔው ያንኑ ፎንት ከአሮጌው ኮምፒውተር ወይም ፎንቱ ካለው ሰው ቀድቶ መጫን ነው። ጽሑፉ ተመልሶ ይነበባል። ከዚያ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ አዛውሩት፤ ያን ጊዜ በአንድ ፎንት ላይ መንጠልጠሉ ይቀራል። በኒያላ የተጻፈ ፋይል ከሆነ ደግሞ ፊደሉ ይነበባል፣ ነገር ግን ቅርጹ ሊለወጥ ይችላል። ኒያላ ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ተጨማሪ ፎንት ሆኖ ከሴቲንግ ውስጥ የሚጫን ነውና።

ከመጀመራችሁ በፊት

1. የአባላት መዝገብ፣ የሂሳብ ሰነድ፣ የመዝሙር ግጥምና ፎቶ በውጪ ዲስክ ላይ ገልብጡ። ቅጂውም በትክክል መከፈቱን በሌላ ኮምፒውተር አረጋግጡ።
2. ፎንቶቹንም አብራችሁ ገልብጡ። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው።
3. አሁን ያለው ዊንዶውስ ባለ 32 ቢት ከሆነ በላዩ ላይ ማሳደግ አይቻልም፤ እንደ አዲስ መጫን ግድ ነው። ቅጂ ከሌላችሁ አትጀምሩ።

በላዩ ላይ ካሳደጋችሁና ነገሩ ካልተስማማችሁ በ10 ቀን ውስጥ ከሴቲንግ ወደ ቀድሞው መመለስ ትችላላችሁ። ፎርማት ከተደረገ ግን ይህ ዕድል የለም።

በመጨረሻም፣ ይህን ሥራ ቅዳሜ ማታ አትጀምሩት። ሰኞ ብትጀምሩ እስከ እሁድ የምታስተካክሉበት ጊዜ አላችሁ። ፕሪንተር ቢበላሽ ሌላ ይገዛል፤ የዓመታት መዝገብ ግን ከጠፋ የሚገዛበት ሱቅ የለም።