የተበታተኑ ፋይሎችን መሰብሰብ ለዲስክ ሥራ ስለሚሰጠው ጥቅም

ኮምፒዩተር እያደር የሚዘገይበት ምክንያት ብዙ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ከነዚሁ አንዱን፣ ይኸውም ፋይሎች በዲስክ ላይ መበታተናቸውን ነው። ምክንያቱን ሳይለዩ ዕቃውን አርጅቷል ብሎ መጣልም፣ መድኃኒቱን በማይገባው ላይ ማድረግም ኪሳራ ነውና።

ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ሳሕንና እንደ ሸክላ ማጫወቻ መርፌ በላዩ የሚመላለስ ማንበቢያ አለው። የፋይል ሥርዓት የሚባለው ደግሞ እንደ መዝገብ ቤት ሹም ነው፤ እያንዳንዱ ፋይል የት የት እንደ ተቀመጠ መዝግቦ ይይዛል። ዲስኩ አዲስ ሳለ ፋይሎች በተርታ ይጻፋሉ። አሮጌዎቹ ሲሰረዙ ግን በመካከሉ ትናንሽ ባዶ ቦታዎች ይቀራሉ። ኋላ የሚመጣው ትልቅ ፋይል አንዱ ቦታ ካልበቃው ተቆራርጦ በየክፍተቱ ይገባል። ከጽሑፉ የሚጎድል ነገር የለም፤ ነገር ግን ክፍሎቹ ይራራቃሉ።

ጉዳቱን በቁጥር እንመልከት። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ አንዱን ዙር በ8.3 ሚሊሴኮንድ ያህል ይፈጽማል። ስለዚህ የተፈለገው ቦታ ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ 4.2 ሚሊሴኮንድ ያስጠብቃል። ለማንበቢያው ጉዞ 9 ሚሊሴኮንድ ብንጨምር፣ አንድ ቁራጭ ለማግኘት 13 ሚሊሴኮንድ ገደማ ያልፋል። እንግዲህ በሴኮንድ 100 ሜጋባይት በሚያነብ ዲስክ ላይ 4 ሜጋባይት የሆነ ፋይል በተርታ ቢቀመጥ 53 ሚሊሴኮንድ ይበቃዋል። በ100 ቦታ ቢበታተን ግን ንባቡ ያው 40 ሚሊሴኮንድ ሆኖ ፍለጋው ብቻ 1.3 ሴኮንድ ይወስዳል፤ ጠቅላላው ጊዜ 25 እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ዲፍራግመንቴሽን የሚባለው ሥራ ቁራጮቹን እያነበበ ወደ ሰፊ ባዶ ቦታ ገልብጦ በተርታ ያስቀምጣል፤ መዝገቡንም ያስተካክላል። ዲስኩ ሊሞላ ሲቃረብ ግን መገልበጫ ቦታ ስለሚያጣ ሥራው ይከብዳል።

ከዚህ እንደምንረዳው ጥቅሙ የሚመነጨው የማንበቢያውን ጉዞ ከመቀነስ ነው። ኤስኤስዲ የተባለው ማከማቻ ግን የሚሽከረከርም ሆነ የሚመላለስ አካል የለውም። ስለዚህ ከመሰብሰቡ የሚያገኘው ጥቅም እጅግ ጥቂት ነው። የማከማቻው ሕዋሶች የሚችሉት የጽሕፈት ብዛትም የተወሰነ ስለ ሆነ፣ ያለ ፍሬ መገልበጡ ዕድሜያቸውን ያሳጥራል። እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ 7 ኤስኤስዲን ለይቶ ሲያውቅ በቀጠሮ የሚደረገውን ዲፍራግመንቴሽን እንዲተው የተደረገው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ባልደረቦቻችን ሥራውን ከመጀመራቸው በፊት በኮምፒዩተራቸው ውስጥ ያለው ማከማቻ ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ እንዲያረጋግጡ እናሳስባለን።