ሜጋውን የሚቆጥረው ማን ነው?

ከሸዋ ሮቢት ወደ አጣዬ በሚወስደው አስፋልት ላይ ጀውሃ የደረሰ ሰው፣ የማሾ ነጋዴ ዋጋ ሲያጣራ የሚያየው በስልክ ነው። ነጋዴው የገዛው ፓኬጅ ሳያስበው ካለቀበት ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የትኛው አፕ ስንት ሜጋ እንደበላ ይመለከታል። ከ2018 (እ.ኤ.አ.) የአንድሮይድ 9 መውጣት ወዲህ በተሠሩ አብዛኞቹ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ ይህን ቁጥር የሚይዘው ኢቢፒኤፍ ነው፤ በስልኩ ሥርዓት እምብርት፣ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ሆኖ የሚሠራ ተቆጣጣሪ።

አፕ የሚልከውም የሚቀበለውም ዳታ በከርነሉ በኩል ያልፋል። ስለዚህ ለመቁጠር ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። አደጋውም እዚያው ነው፤ ከርነል ውስጥ የሚፈጠር ስህተት ስልኩን በሙሉ ሊያቆመው ይችላል። ለዚህ ሲባል ኢቢፒኤፍ የሚቆጥረውን ትንሽ ፕሮግራም ወደ ከርነሉ ከማስገባቱ በፊት መስመር በመስመር ይፈትሸዋል፤ ማለቂያ የሌለው ዙር ውስጥ ሊገባ የሚችለውን ወይም ያልተፈቀደለትን ሜሞሪ የሚነካውን አይቀበልም።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ቫን ጃኮብሰንና ስቲቨን ማካን በሎረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራ ሆነው፣ የማይፈለገው ፓኬት ወደ ላይ ከመቀዳቱ በፊት እዚያው ከርነል ውስጥ እንዲጣል ያደረጉት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነበር። አሌክሲ ስታሮቮይቶቭ አስፋፍቶት በ2014 ሊኑክስ ውስጥ ገባ።

እኔን የሚማርከኝ ግን ፍጥነቱ የተጠበቀበት መንገድ ነው። ቪዲዮ ሲታይ ፓኬቶች በብዛት ይጎርፋሉ። እያንዳንዱ ፓኬት ከከርነሉ በላይ ያለውን ፕሮግራም የሚቀሰቅስ ቢሆን ኖሮ ባትሪውን የሚጨርሰው ተቆጣጣሪው ራሱ ነበር። አንድሮይድ ለእያንዳንዱ አፕ ሲጫን ከ10000 የሚጀምር መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። ትንሿ ፕሮግራም ከዚያ ቁጥር ጎን የፓኬቱን ብዛትና የባይቱን መጠን ደምራ ትተወዋለች። የላይኛው ክፍል ድምሩን አልፎ አልፎ ብቻ መጥቶ ይወስዳል። ሲያነብም ቆጠራው እንዳይስተጓጎል መዝገቡ ሁለት ነው፦ አንዱ ሲነበብ ቆጠራው ወደ ሌላው ይዛወራል።

ሰርቨር ላይም ሕጉ ያው ነው፤ እታች ማጣራት፣ እታች መደመር፣ ወደ ላይ ጥቂት መላክ። እዚያ በኢቢፒኤፍ ፕሮሰሰሩ በምን እንደተያዘ የሚያዩ ባለሙያዎች በሴኮንድ 100 ጊዜ ሳይሆን 99 ጊዜ ናሙና መውሰድን ይመርጣሉ። የማሽኑ ሥራዎች ብዙውን ጊዜ በድፍን ቁጥር ስለሚደጋገሙ፣ እኩል የሚመታ ናሙና ሁልጊዜ አንዱን ሥራ ብቻ ያያል ወይም ሁልጊዜ ያመልጠዋል።

ነጋዴው ሜጋውን የበላበትን አፕ ካገኘ፣ ከጀርባ ሆኖ በሞባይል ዳታ እንዳይጠቀም መከልከል ይችላል። ያን ጊዜ ኢቢፒኤፍ መቁጠር ብቻ ሳይሆን፣ ያ አፕ ተደብቆ የሚልከውን ፓኬት ከርነሉ ውስጥ እንዳለ ያስቀረዋል።