ኦቲዝም ላለባቸው ሕፃናት ወላጆች እንዴት የሕክምናው አካል ይሆናሉ?

ኦቲዝም ያለበት ልጅ በሳምንት ለአንድ ሰዓት ከባለሙያ ጋር ቢቆይ፣ ቀሪዎቹን 167 ሰዓታት የሚያሳልፈው ከቤተሰቡ ጋር ነው። የልጆች የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ጥቂት በሆኑባቸው፣ ያሉትም በአብዛኛው በዋና ከተሞች በሚገኙባቸው የምሥራቅ አፍሪካ አገራት ደግሞ ያችን አንዲት ሰዓት የሚያገኙት ቤተሰቦች ጥቂት ናቸው።

በወላጅ የሚመራ የባህሪ ሕክምና የሚነሳው ከዚህ እውነታ ነው። ባለሙያው ልጁን ብቻ ከማከም ይልቅ ወላጁን ያሠለጥናል። ወላጁ ደግሞ የተማረውን በምግብ፣ በጨዋታ፣ በገላ መታጠብና በመኝታ ሰዓት ከልጁ ጋር ይለማመደዋል። ዘዴው ተስፋ ሰጪ ውጤት አሳይቷል፤ ሆኖም ሸክሙ ሁሉ በእናት ጫንቃ ላይ እንዳይወድቅ ጥንቃቄ ይሻል።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በአውሮፓውያኑ 2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም ነበረበት። ኦቲዝም የአእምሮ ዕድገት ልዩነት እንጂ በመድኃኒት የሚድን በሽታ አይደለም። ስለዚህ የሕክምናው ዓላማ ልጁን ከኦቲዝም "ማዳን" ሳይሆን፣ ፍላጎቱን እንዲገልጽ፣ ከሌሎች ጋር እንዲግባባና የዕለት ተዕለት ተግባሩን በራሱ እንዲያከናውን ማገዝ ነው።

ከጠረጴዛ ወደ ጓዳ

የባህሪ ሕክምና በኦቲዝም ዙሪያ በስፋት የታወቀው በአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኢቫር ሎቫስ ሥራ ነው። ሎቫስ በ1987 ባሳተሙት ጥናት፣ 19 ሕፃናት በሳምንት 40 ሰዓት ያህል፣ ለሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ከአሠልጣኝ ጋር አንድ ለአንድ ተቀምጠው ሠልጥነዋል። ከእነርሱ 9ኙ በመደበኛ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍልን ማጠናቀቃቸው ብዙ ወላጆችን አነቃቅቷል።

ይሁን እንጂ ሕፃናቱ በየቡድኑ የተመደቡት በዕጣ ባለመሆኑ፣ ውጤቱ ምን ያህል ከሥልጠናው እንደመጣ መለየት አስቸጋሪ ነበር። በሥልጠናው ውስጥ ቁጣና ምት መኖሩም ኋላ ላይ ብርቱ ነቀፌታ አስከትሏል። ኦቲዝም ያለባቸው አዋቂዎች ራሳቸው፣ ልጅን ሌሎችን እንዲመስል ማስገደድ ጉዳት እንዳለው ሲናገሩ ቆይተዋል።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ዘዴዎች ልጁን ጠረጴዛ ፊት ከማስቀመጥ ይልቅ ወደሚወደው ነገር መሄድን ይመርጣሉ። ትምህርቱ በጨዋታና በቤት ውስጥ ሥራ መካከል ይሰጣል፤ ወላጅም የልጁን ፍላጎት ተከትሎ ይገባል።

በተግባር ምን ይመስላል?

ለምሳሌ አንድ የ3 ዓመት ልጅ ሲጠማው ቃል አይናገርም፤ በጣቱም አያመለክትም። የእናቱን እጅ ይዞ ወደ ውሃው ይጎትታታል። እናት የሚፈልገውን ስለምታውቅ ወዲያው ቀድታ ትሰጠዋለች። በሥልጠናው ግን በመካከል አጭር ፋታ መስጠትን ትማራለች። ኩባያውን ይዛ ከልጁ ቁመት እኩል ዝቅ ትላለች፤ "ውሃ" ትላለች፤ ጥቂት ሰከንዶችም ትጠብቃለች። ልጁ ቢያያት፣ ድምፅ ቢያሰማ ወይም እጁን ቢዘረጋ ሙከራውን እንደ ንግግር ቆጥራ ወዲያውኑ ትሰጠዋለች። ምንም ባያደርግም ውሃውን አትከለክለውም። ነገ ደግሞ እንደገና ትሞክራለች።

በጨዋታም እንዲሁ ነው። ልጁ የጠርሙስ ክዳኖችን መደርደር የሚወድ ከሆነ፣ አባት ክዳኖቹን ቀምቶ ኳስ አያስጨብጠውም። አጠገቡ ተቀምጦ እርሱም ይደረድራል፤ ልጁ የሚያደርገውን በአጭር ቃል ይናገራል፤ ከዚያም ተራ መቀባበልን ያለማምደዋል።

ልጁ ሲጮህ ወይም ራሱን ሲመታ ደግሞ ወላጆች ሁለት ነገሮችን ማስተዋል ይማራሉ፤ ከጩኸቱ በፊት ምን ሆነ? ከጩኸቱ በኋላስ ምን አገኘ? ጩኸቱ የርሃብ፣ የሕመም፣ የድምፅ መብዛት ወይም "በቃኝ" የማለት ምልክት ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ሲታወቅ ልጁ በሌላ መንገድ እንዲገልጸው ማስተማር ይቻላል፤ ለምሳሌ እጅን ወደ ጎን በማወዛወዝ ወይም ሥዕል በማሳየት። ዱላ ግን ልጁ የሚለውን አይፈታም፤ ፍርሃትን ብቻ ይጨምራል።

ማስረጃው ምን ይላል?

በብሪታንያ ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 4 ዓመት የሆኑ 152 ሕፃናት በተሳተፉበት ጥናት፣ ወላጆች ከልጃቸው ጋር ሲጫወቱ በቪዲዮ ተቀርጸው ምስሉን ከባለሙያ ጋር ተመልክተዋል። ልጁ ለመግባባት የሞከረባቸውን፣ ነገር ግን በቀላሉ የሚታለፉ ቅጽበቶች መለየትም ተምረዋል። በ2010 የወጣው የመጀመሪያ ውጤት ወላጆች ለልጆቻቸው የሚሰጡት ምላሽ በጉልህ መሻሻሉን ቢያሳይም፣ በኦቲዝም ምልክቶች ላይ የታየው ለውጥ ግን አነስተኛ ነበር።

ከ6 ዓመታት ገደማ በኋላ ልጆቹ እንደገና ሲታዩ፣ ወላጆቻቸው ከሠለጠኑት መካከል ከባድ ምልክት የታየባቸው 46 በመቶ ሲሆኑ፣ የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት መካከል 63 በመቶ ነበሩ። ያም ሆኖ በጭንቀትና በመሳሰሉት ችግሮች ረገድ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልታየም፤ ብዙዎቹ ልጆችም ድጋፍ የሚያሻቸው ነበሩ።

ይኸው ዘዴ በሕንዷ ጎዋና በፓኪስታኗ ራዋልፒንዲ ከ65 ሕፃናት ጋር ተሞክሯል። በዚያ አሠልጣኞቹ ስፔሻሊስቶች ሳይሆኑ በአጭር ጊዜ የሠለጠኑ የማኅበረሰብ ሠራተኞች ነበሩ። የወላጆች ምላሽም ሆነ የልጆቹ ተግባቦት መሻሻሉ፣ የባለሙያ እጥረት ላለባቸው አገራት ትልቅ ትርጉም አለው።

የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች አሳዳጊዎች 9 የቡድን ትምህርቶችንና 3 የቤት ለቤት ጉብኝቶችን የያዘ ሥልጠና አዘጋጅቷል። ትምህርቱ ስለ ጨዋታ፣ ስለ ተግባቦትና ስለ አስቸጋሪ ባህሪ ብቻ ሳይሆን፣ ስለ አሳዳጊዎች የራሳቸው ደኅንነትም ያነሳል። በኢትዮጵያ ሥልጠናው ከአገሩ ሁኔታ ጋር እንዲጣጣም ተደርጎ በመጀመሪያ በ9 አሳዳጊዎች ተሞክሯል። በዚህ ሂደት ጽሑፎቹን ማቅለል፣ መገለልን ከግምት ማስገባትና ወላጆች ከሥልጠናው ምን ሊጠብቁ እንደሚገባ አስቀድሞ መነጋገር እንደሚያስፈልግ ታይቷል።

ሥልጠና ወቀሳ አይደለም

"ወላጅ ይሠልጥን" የሚለው ቃል ግን ክፉ ታሪክ አለው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በምዕራቡ ዓለም ኦቲዝም የሚመጣው ፍቅር ከሌላት "ቀዝቃዛ እናት" ነው የሚል እምነት ተስፋፍቶ ነበር። የሥነ ልቦና ባለሙያና የኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት የሆኑት በርናርድ ሪምላንድ በ1964 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ሞግተው፣ መንስኤው ከአእምሮ አሠራር ጋር የተያያዘ መሆኑን አስረድተዋል። ዛሬ የዘር ውርስ ትልቅ ድርሻ እንዳለው ይታወቃል።

በአፍሪካ ቀንድ ወቀሳው ሌላ ስም ይይዛል። እርግማን ነው፣ የክፉ መንፈስ ሥራ ነው፣ የእናት ኃጢአት ነው ይባላል። በዚህ ሳቢያ ልጆቻቸውን ከጎረቤት ዐይን የሸሸጉ ቤተሰቦች አሉ። በኢትዮጵያ ይህን ዝምታ ቀድመው ከሰበሩት መካከል የኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ይገኙበታል። የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል በአውሮፓውያኑ 2002 በአዲስ አበባ ሥራ ጀምሯል።

ጠበል መሄድም ሆነ ዱዓ ማስደረግ ከሥልጠናው ጋር የግድ አይጋጭም። ለቤተሰቡ መጽናኛ ሊሆንም ይችላል። አደጋው ልጁ ሲታሰር፣ ሲደበደብ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን ሲያቋርጥ ነው።

ከዚህም ሌላ፣ ልጆች ስታሳድግ፣ እንጀራ ስትጋግርና ገበያ ስትውል ለምትደክም እናት ሥልጠናው ተጨማሪ የቤት ሥራ ከሆነ አይዘልቅም። ለዚህም ነው ልምምዱ አዲስ ሰዓት ከመጠየቅ ይልቅ ባለው ሰዓት ውስጥ እንዲገባ የሚመከረው። አባት፣ አያት፣ ታላቅ እህትና ወንድም ተመሳሳይ ምልክቶችንና ቃላትን ሲጠቀሙ ለልጁም መማር ይቀልለዋል፤ እናትም ታርፋለች።

ወላጆች ምን ያድርጉ?

ልጅ በስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በ1 ዓመቱ ገደማ በጣቱ የማያመለክት ወይም የነበሩትን ቃላት ያጣ ከሆነ፣ "ዘግይቶ ይናገራል" ብሎ ከመጠበቅ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይመከራል። የመስማት ችሎታው መመርመር አለበት። ሰውነቱ የሚንቀጠቀጥ ወይም ድንገት የሚደነዝዝ ከሆነም መናገር ያስፈልጋል፤ የሚጥል በሽታ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ በብዛት ይታያልና።

ምርመራው እስኪደርስ ግን ዝም ብሎ መጠበቅ አያሻም። በቀን ለጥቂት ደቂቃዎች ስልክንና ቴሌቪዥንን አጥፍቶ ልጁ በሚወደው ጨዋታ መካፈል፣ በአጭር ቃል መናገር፣ ከዚያም ለምላሹ ጊዜ መስጠት ማንኛውም ቤተሰብ ያለ ወጪ ሊጀምረው የሚችል ነገር ነው። ለውጡ ዝግ ያለ ሊሆን ይችላል። የዘገየ እንደሆነም ወላጅ "አልቻልኩበትም" ብሎ ራሱን ሊወቅስ አይገባም፤ ተጨማሪ እገዛ መጠየቅ የሥልጠናው አንዱ ክፍል ነውና።